የድራጎን እሳት አስማት ነው ወይስ የራሱ ጉሮሮ? ፍረዱን

ባለሃያ ጎን፦
ባለፈው የጨዋታ ሴሽን ጠረጴዛችን ለሁለት ተከፍሏል። እስካሁን ሁለት ሰዎች በቅጡ ሰላም አይባባሉም፤ እስቲ ፍረዱን።

የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ፤ አምስተኛው እትም፣ የ2014ቱ። ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የምመራውና ጭራቆቹን የማጫውተው፣ እኔ ነኝ። ቡድኑ 15ኛ ሌቭል (የብቃት ደረጃ) ላይ ሆኖ ከአንድ ጎልማሳ ቀይ ድራጎን ጋር ተፋጠጠ። ዊዛርዱ (አስማተኛው) ተራው ሲደርስ ያለችውን አንዲት የስምንተኛ ደረጃ ድግምት አውጥቶ ፀረ አስማት ክልል ዘረጋ። ክልሉ ዙሪያውን 10 ጫማ ይሸፍናል። «ኑ ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ ሁሉንም ሰበሰባቸው። ተዋጊውም ገባ፤ ጣቱ ላይ የእሳትን ጉዳት በግማሽ የሚቀንስ ቀለበት አለ። እኔ ዝም አልኩ። ድራጎኑ ተራው ሲደርስ ለእሳቱ ጉዳት 18 ባለ ስድስት ጎን ዳይስ መቁጠር ጀመርኩ። ዊዛርዱ «ለማን ነው የምትቆጥረው?» አለኝ። «ለእናንተ» አልኩት።

71 ወጣ። ዊዛርዱ ቀድሞም ቆስሎ ስለነበር ተዘረረ። እሱ ሲወድቅ ድግምቱን አቁሞ የያዘው ትኩረቱ ተቋረጠ፣ ክልሉም አብሮት ጠፋ። የተዋጊው ቀለበት ያን ጊዜ ነቃ፤ ሰውየው ከተቃጠለ በኋላ ማለት ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ክልሉ አስማትን ያፍናል፣ የድራጎን እስትንፋስ ግን አስማት አይደለም። ተሳስቻለሁ?

ሦስት ከግማሽ፦
ዊዛርዱ እኔ ነኝ። ታሪኩን በልኩ ነው የተናገረው፤ የዘለላት አንዲት ነገር ክልሉን ስዘረጋ ፈገግ ማለቱን ነው።

እኔ ያደግኩት በዚሁ ጨዋታ 3.5 እትም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው። እዚያ እያንዳንዱ ልዩ ችሎታ ጎኑ ላይ ምልክት አለው። ከተለመደው ያለፈ ነው? ፀረ አስማት አይነካውም። ድግምት መሰል ነው? ማርከሻ ድግምትም ያከሽፈዋል፣ ክልሉም ያፍነዋል። ከተፈጥሮ በላይ ነው? ማርከሻ አይሠራበትም፣ ክልሉ ውስጥ ግን ፀጥ ይላል። የድራጎን እስትንፋስ የሦስተኛው ወገን ነበር፣ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ። መጽሐፉን ገልጦ መጨቃጨቅ የለም።

ታዲያ እሳት የሚተፋ፣ አውሬ ቢሉት አውሬ ያልሆነ ፍጡር ፊቴ ቆሞ «ይሄ አስማት አይደለም» ስባል ምን ልበል? አስማት ያልሆነ ድራጎን ካለ እንግዲህ አዞ ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
ሦስት ከግማሽ ወንድሜ፣ ቃጠሎው ይሰማኛል፤ ግን የምትጠቅሰው የሌላ እትም መጽሐፍ ነው። አምስተኛው እትም እነዚያን ሦስት ምልክቶች ጥሏቸዋል። ጥያቄው ደግሞ በይፋ ተመልሷል፤ ሴጅ አድቫይስ በሚባለው የሕግ ማብራሪያ ውስጥ «የድራጎን እስትንፋስ አስማታዊ ነው ወይ?» የሚለው ራሱ ቃል በቃል አለ።

መልሱ እንዲህ ነው የሚሄደው። አንድን ነገር ስታይ፣ አስማታዊ ዕቃ ነው? ድግምት ነው ወይስ በውስጡ የተጠቀሰ ድግምት እንድታደርግ ይፈቅዳል? የድግምት ጥቃት ነው? የድግምት ስሎት (ድግምት ለማውጣት የተመደበ ዕድል) ይበላል? መግለጫው ራሱ «አስማታዊ» ይለዋል? ከአምስቱ አንዱን «አዎ» ካልክ አስማት ነው። የድራጎኑን እስትንፋስ ውሰድና ጠይቅ፤ አምስቱም ላይ «አይደለም» ነው መልሱ። ስለዚህ ክልልህ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ዲኤሙ ትክክል ነው።

ፈገግታውን በተመለከተ ሕግ የለም።

ጉልበት አልባ፦
አንቺ ያልጠቀስሽው ክፍል ነው የሚያስቀኝ። ያው ማብራሪያ አስማትን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። አንደኛው የዓለሙ ተፈጥሮና የፍጡራኑ አካል ውስጥ የተቀበረ ነው፤ ሁለተኛው በድግምት ወይም በዕቃ ተሰብስቦ የተቋጠረ። ክልሉ የሚያፍነው ሁለተኛውን ብቻ ነው ይላል። በሌላ አነጋገር ድራጎኑ አስማት ነው፣ ግን የማይቆጠር አስማት። እንዲህ ያለ መልስ እኔ ብሰጥ ጠረጴዛው ያባርረኛል።

የታፈነ ገጽ፦
ጉልበት አልባ፣ ቀልዱን ትተህ አንድ ደቂቃ አስብበት። ይሄ ክፍፍል ባይኖር ምን ይፈጠራል? ቤት የሚያክል እንስሳ በዚያ ክንፍ አይበርም። ቁመት በእጥፍ ሲያድግ ክብደት በስምንት እጥፍ ነው የሚያድገው፣ የአጥንት የመሸከም አቅም ግን በአራት እጥፍ ብቻ፤ ግዙፎቹ ሁሉ በገዛ ጉልበታቸው ላይ መሰበር ነበረባቸው። «ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ሁሉ ይታፈን» ካልክ ክልሉን ዘርግተህ ግዙፉ ሥር መሮጥ ነው፣ በራሱ ይፈርሳል። የስምንተኛ ደረጃ ድግምት ያን ያህል እንዲሠራ ማንም አልፈለገም። ስለዚህ መስመሩ የሆነ ቦታ መሰመር አለበት፤ ጠቡ የት ነው የሚለው ላይ ብቻ ነው።

ሦስት ከግማሽም ስለ ምልክቶቹ ቁልጭ ማለት ብዙ አታውራ። የ3.5ቱን ቫምፓየር አውጣ። ወደ ጭጋግ መለወጡ ከተፈጥሮ በላይ ተብሏል፣ ይሁን። እንደ ሸረሪት ግድግዳ መውጣቱስ? ከተለመደው ያለፈ ብቻ! ሞንኩ (በባዶ እጁ የሚዋጋው መነኩሴ) ደግሞ 17ኛ ሌቭል ላይ ከማንኛውም ሕይወት ካለው ፍጡር ጋር መነጋገር ይጀምራል፤ ከዓሣ ጋር፣ ከጉንዳን ጋር። ይሄም ከተለመደው ያለፈ ነው፣ ፀረ አስማት አይነካውም። ከጉንዳን ጋር ማውራት በልምምድ የሚመጣ ከሆነ እሳት መትፋት ምን ኃጢአት ሠራ?

ሦስት ከግማሽ፦
የታፈነ ገጽ፣ ተቀበልኩ፤ ምልክቶቹ አንዳንዴ እንደ ዕጣ የወጡ ነበሩ። ግን ልብ በል፣ ዕጣውም ቢሆን አስቀድሞ ወጥቶ ያደረ ነው። ድግምቱን ከማውጣቴ በፊት አውቀው ነበር። የአሁኑን ግን ያወቅኩት ዳይሱ ሲቆጠር ነው። አምስቱን ጥያቄ ልመልስ ብል እንኳ የጭራቁ መግለጫ ያለው ዲኤሙ እጅ ነው፤ እኔ «አስማታዊ» የሚል ቃል ይኑርበት አይኑርበት በምን አያለሁ?

አንቀጽ በአንቀጽ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ረታኸኝ። የባሰውንም እኔው ልንገርህ፤ በመጽሐፉ ጠበቃነቴ የማፍርበት ቦታ ይቺ ናት።

የ2014ቱን የጭራቆች መጽሐፍ ክፈቱ። ባሲሊስክ (እንሽላሊት መሰል ጭራቅ) ጋ፣ ዓይኑን ያየ ፍጡር «በአስማት ወደ ድንጋይ መለወጥ ይጀምራል» ይላል። ሜዱሳ (ጸጉሯ እባብ የሆነችው ሴት) ጋ ሂዱ። ያው ዓይን፣ ያው ድንጋይ፣ ያው 30 ጫማ፤ «በአስማት» የምትለዋ ቃል ግን የለችም። አምስተኛውን ጥያቄ በጥሬው ከወሰድነው ክልሉ ውስጥ የቆመ ሰው ባሲሊስክን አይፈራም፣ ሜዱሳ ግን ሐውልት ታደርገዋለች። ከሁለቱ ለእንስሳ የሚቀርበው ደግሞ ባሲሊስኩ ነው! ይሄ የዓለሙ ምስጢር አይደለም፤ አንዱን ጸሐፊ ቃሉ ታወሰው፣ ሌላውን አልታወሰውም ብዬ ነው የማስበው።

በ2024ቱ እትም ትርጉሙን አሳጥረውታል፦ በድግምት፣ በአስማታዊ ዕቃ ወይም ሕጉ አስማታዊ ብሎ በሰየመው ክስተት የመጣ ነገር አስማታዊ ነው። ይሻላል። ግን አሁንም ነገሩ ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

ቆጣሪው፦
እኔ ጉርፕስ የሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ ተጫዋች ስለሆንኩ ይህን ጭቅጭቅ ሳነብ በሰው ቤት የሚደባደቡ ሰዎችን እንደሚያይ እንግዳ ነው የምሆነው። እኛ ጋ ጥያቄው ችሎታ በሚገዛበት ነጥብ ነው የሚፈታው። እሳት መትፋት ትፈልጋለህ? ዋጋው ይኸው። «ኃይሌ ማና (በአካባቢው ያለ የአስማት ጉልበት) ላይ የተመሠረተ ነው፣ ማና በሌለበት አይሠራም» ካልክ ከዋጋው 10 በመቶ ይቀነስልሃል። ካላልክ ሙሉውን ትከፍላለህ፣ ማና በሌለበት ምድረ በዳም ትተፋለህ። ዓለሙም ራሱ በደረጃ የተከፈለ ነው፦ ማና የሌለበት፣ ዝቅተኛ፣ መደበኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። ሲታፈንበት «ተበደልኩ» የሚል ሰው የለም፤ ቅናሹን በልቷላ።

ሞንክ ነኝ፦
ቆጣሪው፣ ያልከው ልቤን ነካው፤ የእኔ ችግር ዋጋ ነውና።

በአንድ ሌላ ቡድን ውስጥ ዲኤማችን ፀረ አስማት ያለበት እስር ቤት ሠራ። ሦስት ሙሉ ሴሽን እዚያ ነበርን። የ2014ቱ መጽሐፍ ሞንክ ስለሚጠቀምበት ኪ ሲያወራ «አስማታዊ ኃይል» ብሎ ጽፏል፣ ስለዚህ ዲኤሙ በሩ ላይ «ኪህ አይሠራም» አለኝ። የሚያፈዝ ምት የለም፣ ተጨማሪ ምት የለም። ፓላዲኗም (ቅድስት ተዋጊዋ) እጇን ጭና መፈወስ አልቻለችም። ባርባሪያኑ ግን እንደ ልቡ እየተቆጣ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ቁጣ አስማት አይደለማ። ሦስት ሴሽን ሙሉ የእኔ ተራ ሲደርስ «እመታለሁ» ብዬ ዳይስ እጥልና ስልኬን አነሳለሁ። ሕጉ ተጥሷል አልልም። የሕጉ ሸክም ግን ሁሌም እኛው ላይ ነው የሚወድቀው። ኋላ በ2024 ኪ የሚለውን ስም ወደ ፎከስ ሲቀይሩት ዲኤሜን «አሁንስ?» አልኩት፤ «እስር ቤቱ ያው ነው» አለኝ።

ዛሬ ጀመርኩ፦
ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። ክልሉ ውስጥ ዞምቢ ቢገባስ? ይወድቃል?

የታፈነ ገጽ፦
እንኳን ደህና መጣህ። በ3.5 መልሱ ቀላል ነው፤ ሥጋና አጥንት ያለው ሙት ምንም አይሆንም፣ አካል አልባው መንፈስ ግን እልም ይላል። አምስተኛው ላይ «በአስማት የተጠራ ወይም የተፈጠረ ፍጡር ለጊዜው ይጠፋል» ስለሚል ዞምቢው «የተፈጠረ» ነው ወይስ «የተነሣ» በሚል ሌላ ጭቅጭቅ አለ። ዛሬ አንክፈተው።

ጉልበት አልባ፦
ሁላችሁም የቀለበቱን ነገር አለፋችሁት። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ፀረ አስማት ጋሻ አይደለም፣ ባለቤቱንም የሚያራቁት ነገር ነው። ቢሆልደርን፣ ባለ ብዙ ዓይኑን ተንሳፋፊ ጭራቅ፣ ተመልከቱ። የመሃል ዓይኑ 150 ጫማ ድረስ አስማትን ያፍናል፣ 10 ትንንሽ ዓይኖቹ ደግሞ ጨረር ይተኩሳሉ፤ ጨረሮቹ ግን የራሱ መሃል ዓይን በሚያይበት አቅጣጫ አይሠሩም። ለመተኮስ ወይ ትልቁን ዓይን መጨፈን አለበት፣ ወይ ወደ ሌላ ማየት። 3.5 ላይ «አካሉ በተፈጥሮው ይንሳፈፋል» ብለው ሆን ብለው ጽፈውለታል፤ መንሳፈፉ የሰውነቱ ነው፣ የሚታፈን አይደለም። ጭራቁ ይህን ሁሉ ያስባል። ዊዛርዳችን ግን እሳት የሚቀንስ ቀለበት ያደረገውን ሰው እሳት ፊት ጠርቶ ቀለበቱን አጠፋበት።

ሦስት ከግማሽ፦
እሳቱ እንደሚገባ ባውቅ አልጠራውም ነበር እኮ! ነገሬም ይኸው ነው። 15ኛ ሌቭል የደረሰ ዊዛርድ፣ ዕድሜውን መጽሐፍ ላይ ያፈሰሰ፣ የገዛ ድግምቱ ምን እንደሚከለክል አያውቅም? እኔ ባላውቅ እሱ ያውቃል። ዲኤሙ ድግምቱን ሳወጣ «ካራክተርህ (የምትጫወተው ገጸ ባሕርይ) ይህ እሳቱን እንደማይከለክል ያውቃል፣ ትቀጥላለህ?» ቢለኝ አለቀ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦
በዚህ ከሦስት ከግማሽ ጋር ነኝ። ፍርዱ ትክክል ነው፣ ዝምታው ግን አይደለም። ባለሃያ ጎን፣ የድራጎኑን ምስጢር ጠብቅ፤ የሰውየውን የገዛ ድግምት ግን ምስጢር አታድርግበት።

ባለሃያ ጎን፦
አንብቤያለሁ፣ ሁሉንም። ፈገግታውንም አምኛለሁ።

የወሰንኩት ይኸው፦ እስትንፋሱ አስማት አይደለም፣ ይጸናል። ሜዱሳና ባሲሊስክ በእኛ ጠረጴዛ ሁለቱም ይታፈናሉ፤ ቃሉ ኖረም አልኖረም። ሰው ድግምት ሲያወጣ ካራክተሩ ሊያውቀው የሚገባውን ከዳይሱ በፊት እናገራለሁ። ያቺን ተራ ደግሞ ወደ ኋላ እመልሳታለሁ፤ ዊዛርዱ የስምንተኛ ደረጃ ድግምቱ ይመለስለታል፣ ሌላ ነገር ይመርጣል።

ሦስት ከግማሽ፦
ሰላም ነው። እሁድ እመጣለሁ።

ባለ ቀለበቱ፦
ተዋጊው እኔ ነኝ፣ አሁን ነው ያየሁት። ተራዋ ከተመለሰች የእኔስ? ቀለበቱ ቢሠራ 35 ነበር የምቃጠለው፣ 71 ነው የጻፍኩት። 36ቷን ነጥብ ማን ነው የሚመልስልኝ?

ባለሃያ ጎን፦
ዳይሱን እንደገና እጥለዋለሁ።

ባለ ቀለበቱ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ ከዊዛርዱ 11 ጫማ ልራቅ።