አንገትና ራስ ካንሰር ላይ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ሕክምና እማራለሁ። አጎቴ መሐል ሜዳ አጠገብ ገበሬ ነበር። አንገቱ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል እብጠት ወጣች። ስለማታመው ተዋት። ድምፁ ሲጎረንን፣ እንጀራ አልዋጥ ሲለው ነው አዲስ አበባ የወሰድነው። ጊዜው አልፎ ነበር። በዕድሜው ሲጋራ አፉ ገብቶ አያውቅም። ታዲያ ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የጉሮሮ ሐኪም፦
ነፍስ ይማር ወንድሜ። የሞራ ጊሊሰንን ሥራ አንብብ። አሜሪካዊት የካንሰር ሐኪም ናት፤ ኤፒዲሚዮሎጂም (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭና ከምን እንደሚመጣ የሚያጠና ትምህርት) ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ የማሕፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ ቫይረስ ለአንዳንድ የቶንሲልና የጉሮሮ ካንሰሮችም መንስኤ እንደሆነ አሳየች። በ2010 ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው የጉሮሮ ካንሰር ታማሚዎች ከሌሎቹ የተሻለ ዕድሜ እንደሚያገኙ በጥናት አረጋገጡ። እኔ በጣም የምወድላት ሐኪምነቱንና የቁጥር ሥራውን አንድ ላይ መያዟን ነው። የአጎትህ ግን ይኼው ነው ማለት አይቻልም። ከእብጠቱ የተወሰደው ናሙና ሳይመረመር ማንም አያውቅም።

ሲስተር ከደብረ ሲና፦
ልጄ፣ አይዞህ። እኛ ጋ ብዙዎቹ ጠበሉንም የባህል መድኃኒቱንም ሞክረው፣ ሲብስባቸው ነው የሚመጡት። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የድምፅ መጎርነን ወይም የአፍ ቁስል መታየት አለበት፤ ይህን ለሰፈርህ ሰው ንገር። ስትመራመርም ለምን እንደዘገዩ ጠይቃቸው። ካርዱ ላይ አይጻፍም እኮ።

የመንዝ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ የፓቶሎጂ መምህሬን አናግራለሁ። ዶክተር፣ በፓራፊን (በሰም) የተቀመጠ የድሮ ናሙና ለቫይረሱ ምርመራ ይሆናል?

የጉሮሮ ሐኪም፦
አዎ፣ በደንብ ከተቀመጠ ይሆናል። መጀመሪያ ግን የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አውጣ።