ዞን 1 ውስጥ 95 ዲግሪ ቶሉይን የሚገፋ ፓምፕ፦ ቲ3 ይበቃል ወይስ ቲ4?

ፕሮሰስ_ክፍል
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ቶሉይን በ95 ዲግሪ ሴልሲየስ እንዲገፋ እየመረጥን ነው። ቦታው ዞን 1 ነው (በመደበኛ ሥራ ጊዜ ፈንጂ ጋዝ አልፎ አልፎ ሊኖር የሚችልበት)፤ አጠገቡ የሄክሴን ታንክ አለ። የፓምፑ ሰሌዳ ላይ «ቲ3…ቲ4» ተጽፏል (ቲ የወለሉ ሙቀት ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ የሚያሳይ ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጣሪያው ይወርዳል)፣ ሞተሩ ቲ4 ነው። ቶሉይን በራሱ የሚቀጣጠለው ከ480 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ቲ1 እንኳ ይበቃል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ጥገና_ሜካኒካል
ቲ1 የሚለውን ተዉት። ክፍሉ የሚወሰነው በምትገፉት ፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ ፓምፑ ዙሪያ አየር ላይ ሊገኝ ከሚችለው ጋዝ ሁሉ በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀጣጠለው ነው የሚወስነው። እናንተ ጋ እሱ ሄክሴን ነው፣ 225 ዲግሪ። የቲ2 ወለል እስከ 300 ሊደርስ ይችላል፣ አይሆንም። የቲ3 ጣሪያ 200 ነው፣ ይበቃል። ቲ4 (135) ተጨማሪ ርቀት ይሰጣል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ክፍል የተጻፈው የፓምፑ ወለል ሙቀት በአብዛኛው ከፈሳሹ ስለሚመጣ ነው። መመሪያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚፈቀደው ከፍተኛ የፈሳሽ ሙቀት በሠንጠረዥ አለ። 95 ዲግሪ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሚወድቅ እዚያው እዩ። ሌላ ካልተጻፈ ሰርተፍኬቱ የሚሠራው የአካባቢው አየር ከ-20 እስከ +40 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከጋለ ቧንቧ ጎን የቆመ ሞተር ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ሲል_እና_ኩሽኔታ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ሠንጠረዡ የሚያገለግለው ፓምፑ በፈሳሽ ተሞልቶ ፈሳሹ እየፈሰሰ ሳለ ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

የመውጫው ቫልቭ ተዘግቶ ፓምፑ ከዞረ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ለምሳሌ 8 ሊትር የሚይዝና ተዘግቶ 3 ኪሎዋት የሚበላ ፓምፕ፦ ቶሉይኑ 6.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ በደቂቃ ወደ 14 ዲግሪ ይጨምራል። የፓምፑ አካል ብረት ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። የቶሉይን መፍያ ነጥብ በከባቢ አየር ግፊት 110.6 ስለሆነ ያላችሁ ርቀት 15 ዲግሪ ብቻ ነው። በ95 ዲግሪ የትነት ግፊቱም ወደ 0.6 ባር ይደርሳል። የመምጠጫው ማጣሪያ ትንሽ ከተደፈነ እንፋሎት ሲሉ (ፈሳሹ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያሽገው) ጋ ይሰበሰባል፣ የሲሉ ፊቶች ደርቀው ይፋተጋሉ፣ እዚያ ያለው ሙቀት ከፈሳሹ ሙቀት እጅግ ይበልጣል። የኬዚንጉ (የፓምፑ ውጫዊ አካል) ቴርሞሜትር ይህን በጊዜ አያሳያችሁም።

ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ብቻውን አይበቃም። የመምጠጫ ታንኩ ላይ ዝቅተኛ ደረጃ ሲደርስ ፓምፑን የሚያቆም ስዊች ግጠሙ፤ ዝቅተኛ ፍሰት የሚጠብቅ ባይፓስ (የጎን መመለሻ ቧንቧ) ወደ ታንኩ መልሱ፣ ወደ መምጠጫው አትመልሱ፤ የሚሞቀው ፈሳሽ እየተሽከረከረ ይመለሳል። ድርብ ሲል ከሆነ በሁለቱ ሲሎች መካከል ያለው የመከላከያ ፈሳሽ ግፊት ከሲሉ ክፍል 1.5 እስከ 2 ባር ይብለጥ፣ ደረጃው ሲወርድ ማንቂያ ይኑረው። ኩሽኔታው ላይ ግሪስ አታብዙ። የበዛ ግሪስ ራሱ ያሞቃል።

ኤሌክትሪክ_ኤክስ
ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቀይር መሣሪያ) አለ? ካለ የሞተሩን ሰርተፍኬት ድጋሚ እዩት። ኤክስ ኢ (ብልጭታና ከልክ ያለፈ ሙቀት እንዳይፈጥር የተሠራ) ከሆነ ከዚያ ዓይነት ኢንቨርተር ጋር አብሮ መፈተኑ መጻፍ አለበት። ኤክስ ዲ (ፍንዳታን በውስጡ የሚያስቀር ሽፋን ያለው) ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ ፒቲሲ (የሙቀት ዳሳሽ) ይፈለጋል፣ ፒቲሲው ደግሞ ሞተሩን በቀጥታ ማቆም አለበት፤ ማንቂያ ብቻ ቢያሰማ ዋጋ የለውም። በዝቅተኛ ፍጥነት የሞተሩ ማራገቢያ ይዳከማል፤ ለሴንትሪፉጋል ጭነቱም አብሮ ስለሚቀንስ ያን ያህል አይከብድም፣ ለጊር ፓምፕ ግን ጭነቱ አይቀንስም።

ፕሮሰስ_ክፍል
ኢንቨርተር የለም። ፓምፑን የሚያቆመውን ሙቀት የትና ስንት ዲግሪ ላይ እናስቀምጠው?

ሲል_እና_ኩሽኔታ
ማንቂያ 100፣ ማቆሚያ 105፣ የሲሉ ክፍል ላይ። ቲ3 200 ይፈቅዳል ብላችሁ 180 ላይ አታስቀምጡት፤ እዚያ ሳይደረስ ፓምፑ ውስጥ ፈሳሽ አይቀርም። ደረጃ ስዊቹንና ማቆሚያውን ከመጀመሪያው ማስነሳት በፊት በእውነተኛ ምልክት ፈትኗቸው።