ክርክር፦ ልጅ ወላጁን እንዲጠይቅ ሕግ ያስገድደው?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። ራሱን የቻለ ልጅ ወላጆቹን እየሄደ እንዲጠይቅ በሕግ ይገደድ ወይስ አይገደድ? ስለ ገንዘብ መላክ አይደለም የምናወራው። ሄዶ ስለማየት ነው። ጥያቄውን ከሰማይ አላወረድኩትም። ቻይና እንዲህ ያለ ሕግ ካወጣች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ ስድብ የለም፣ የሰው ወላጅ መንካት የለም።

የበኩር ልጅ፦
እኔ ይገደድ ባይ ነኝ። አምስት ነን። ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ። መድኃኒት የምገዛው እኔ። አምፖል ሲቃጠል የሚደወለው ለእኔ። አራቱ በዓል ሲደርስ ብቅ ይላሉ። ፎቶ ይነሳሉ፣ «እናቴ ዓለሜ» ብለው ፖስት ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ወላጅ ትንሽ ልጁን ጥሎ ቢጠፋ ፍርድ ቤት ይቆማል። ልጅ አሮጊት እናቱን ጥሎ ሲጠፋ ግን «ሥራ በዝቶበት ነው» ይባልለታል። ለምን?

ነፃ ሐሳብ፦
ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። ግን ያንተ ጠብ ከወንድሞችህ ጋር ነው፣ ለእሱ አገር ሙሉ ሕግ አይወጣም። ደግሞስ ተገዶ የመጣ ልጅ ምን ይፈይዳል? ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። እናት ደግሞ ከአንገት በላይ የሆነች ሰላምታን ከበር ላይ ነው የምታውቃት። አለመምጣቱ ያማል። ተገዶ መምጣቱ ግን ያዋርዳል።

ሕግ ተማሪ፦
ብዙ ሰው ያልተባለውን ስለሚጨምርበት የቻይናውን ሕግ ላስቀምጠው። የአረጋውያን መብት ጥበቃ ሕጋቸው ተሻሽሎ የጸደቀው በ2012 መጨረሻ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 1 ቀን 2013 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከወላጆቹ ተለይቶ የሚኖር ልጅ አዘውትሮ እንዲጠይቃቸው ወይም ደህንነታቸውን እንዲያጣራ ያዝዛል። «ወይም» የምትለዋን ልብ በሉ። በዓመት ስንቴ እንደሆነ አልጻፈም። ለቀረ ሰው ቅጣትም አላስቀመጠም።

ክፍተቱን የሞሉት ፍርድ ቤቶች ናቸው። ውሺ በምትባል ከተማ የ77 ዓመት እናት ልጃቸውን ከሰው ነበር። ሕጉ በጀመረበት በዚያው ቀን ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ቢያንስ በየሁለት ወሩ አንዴ ሄዳ እንድትጠይቃቸው ወሰነ። ሻንጋይ ደግሞ በ2016 ባወጣችው ደንብ ጠንከር አለች። ፍርዱን አልፈጽም ያለ ልጅ የብድር ታሪኩ ሊበላሽበት ይችላል።

ከሲንጋፖር ጋር የሚያምታቱትም አሉ። የሲንጋፖሩ የ1995 ሕግ ስለ ገንዘብ ነው። 60 ዓመት የሞላው ወላጅ ራሱን መቻል ካቃተው ከልጆቹ ቀለብ መጠየቅ ይችላል። ሄዶ ስለመጠየቅ ምንም አይልም።

ነፃ ሐሳብ፦
እናትና ልጅ ፍርድ ቤት ከተካሰሱ በኋላ በየሁለት ወሩ የሚቀመጡባት ሳሎን ምን ትመስል ይሆን? እኔ ያንን ክፍል ማሰብ አልችልም።

የበኩር ልጅ፦
እኔ ደግሞ ከክሱ በፊት የነበረውን ባዶ ሳሎን ማሰብ አልችልም።

ዝም ያልኩት፦
አብዛኛውን ጊዜ እዚህ አልጽፍም። አባቴን ካየሁት ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ምክንያቱን አልናገርም። ሕጉ ቢወጣ በየሁለት ወሩ የማንን በር ነው የማንኳኳው?

ሕግ ተማሪ፦
ሲንጋፖር ለዚህ መውጫ አላት። ወላጁ ልጁን ጥሎት ወይም በድሎት ከነበረ ጉዳዩን የሚያየው አካል ቀለቡን ሊቀንስ ወይም ጥያቄውን ጨርሶ ውድቅ ሊያደርግ ይችላል።

ዝም ያልኩት፦
ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩትን ለማላውቃቸው ሰዎች ማስረዳት አለብኝ ማለት ነው።

የበኩር ልጅ፦
ይቅርታ፣ እህቴ ወይም ወንድሜ። ይሄ አልታየኝም ነበር። የእኔ እናት እናት ስለሆነች ሁሉም ቤት እንዲያ መሰለኝ።

ሩቅ ነኝ፦
ሌላ ነገር ላንሳ። እኔ ከአገር ውጭ ነው ያለሁት። እናቴን ካየኋት ሦስት ዓመት አለፈ። ፍቅር ጎድሎብኝ አይደለም። ፈቃድና የአውሮፕላን ትኬት ነው የጎደለኝ። ሕጉ እኔን ከሚያስገድድ ለምን አሠሪዬን አያስገድድም?

ሕግ ተማሪ፦
ጥሩ ነጥብ ነው። ያው የቻይና ሕግ እዚያው አንቀጽ ላይ አሠሪው ቤተሰብ መጠየቂያ ፈቃድን እንዲያከብር ያዝዛል። ዜናው ግን ይሄን ዘለለው። ፈቃዱ ራሱ የቆየ ነው። በ1981 በወጣ ደንብ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከወላጆቹ ርቆ የሚኖር ያላገባ ሰው በዓመት 20 ቀን ይሰጠዋል። ያገባ ከሆነ 20 ቀኑ የሚሰጠው በአራት ዓመት አንዴ ነው።

እናት ነኝ፦
ያገባው ወላጁ ሞቱበት እንዴ?

ነርሷ፦
እናታችን አሳቁኝ። እኔ የምሠራው አረጋውያን በሚኖሩበት ማዕከል ነው፤ ጠያቂ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ዓመታት አልፈዋል። ሁለት አባቶች አሉኝ። የአንደኛው ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። አርባ ደቂቃ ብትቆይ ነው። ስጦታም የላትም፤ አንዳንዴ ጋዜጣ ትይዛለች። የሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ማዕከሉ ይታመሳል። ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ለእኛም ለሠራተኞቹ እጁን ይዘረጋል። መቼ እንደሚመጣ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በሳምንት ሁለቴ ሊሆን ይችላል፣ በሦስት ወር አንዴም።

የሐሙሷ አባት ረቡዕ ማታ ጢማቸውን ይላጫሉ። ሐሙስ ጠዋት ሸሚዝ ያስመርጡኛል። አርብ የተባለውን እየደጋገሙ ያወሩልኛል። የአርባ ደቂቃዋ ጥየቃ ሦስት ቀን ትበላለች። የሌላኛው ወንበር ሁልጊዜ ከመስኮቱ ሥር ነው። መኪና በገባ ቁጥር ቀና ይላሉ። ልጁ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ደክሟቸው ተኝተው ያገኛቸዋል።

የእኔ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ሹልትዝ የሚባል ተመራማሪ በ1976 ያሳተመው ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአረጋውያን ማዕከል የሚኖሩ ሰዎችን ለሁለት ወር ያህል እንዲጠይቁ አደረገ። አንዱ ቡድን ጠያቂው መቼ እንደሚመጣና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ራሱ ይወስናል። ሌላው መወሰን ባይችልም መቼ እንደሚመጣ ይነገረዋል። ሦስተኛውን ቡድን ጠያቂው እንዲሁ ድንገት ይመጣበታል። አራተኛው ጠያቂ የለውም። የወሰኑትና የተነገራቸው በጤናቸውም በስሜታቸውም ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ድንገት የሚመጣባቸው ግን ጠያቂ ከሌላቸው ብዙም አልተለዩም።

የበኩር ልጅ፦
ይኸውላችሁ! ውሺ ያለው ዳኛ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ፍቅር አላዘዘም፤ ጊዜ ነው የቆረጠው። የ77 ዓመቷ እናት ቢያንስ በየስንት ጊዜው በሩ እንደሚንኳኳ ያውቃሉ።

ነፃ ሐሳብ፦
እሺ፣ ይቺ ትንሽ ነቅንቃኛለች፤ አልዋሽም። ግን ነርሷ ያለችውን መልሰህ አንብበው። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ባዕድ ናቸው፤ ልጅ አይደሉም። ሥራውን የሠራው ደም ካልሆነ ልጅን ፍርድ ቤት ማቆም ለምን አስፈለገ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? ሰፈሩ በተራ ይጠይቅ።

ነርሷ፦
አልጨረስኩም እኮ። ሹልትዝና ባልደረባው ከዓመታት በኋላ ተመልሰው አዩአቸው፤ ውጤቱ የወጣው በ1978 ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ጥየቃው ቆሞ ነበር። ያኔ ተሽሏቸው የነበሩት፣ ቀኑን ያውቁ የነበሩትና ይወስኑ የነበሩት፣ ከሌሎቹ ይበልጥ አሽቆለቆሉ። ድንገት ይመጣባቸው በነበሩትና ጠያቂ ባልነበራቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አርባ ሰው ነው። ቢሆንም እኔ ባነበብኩት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። ስለዚህ «ሰፈሩ በተራ ይጠይቅ» ስትል አስብበት። ጀምሮ የሚተው ሰፈር ካልጀመረው ሊብስ ይችላል።

ነፃ ሐሳብ፦
ዝም አሰኘሽኝ።

የበኩር ልጅ፦
እኔ ግን ስልክንም ሕግ ቢከለክልልኝ ደስ ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ ሲመጣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። እንዲህ ከሆነ ለምን መጣ?

እናት ነኝ፦
ልጄ፣ እዚህ ላይ ተው። 71 ዓመቴ ነው፤ አራት ወልጃለሁ። ስለ እኛ ስታወሩ እየሰማሁ ነው። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ብጠየቅ የምለው አለኝ።

ልጆቼ ሲመጡ እንግዳ ሆነው ነው የሚመጡት። እኔም እንግዳ ተቀባይ እሆናለሁ። ከአንድ ቀን በፊት ቤት አጸዳለሁ፣ ወገቤ ይቆረጣል። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተደርድረው ይመረምሩኛል። ደም ግፊትሽ ስንት ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ ዋጥሽ? ያ ምንጣፍ አይጥልሽም? ሐኪሜ እንኳ እንዲህ አያፋጥጠኝም። ሲወጡ «በደንብ ጠየቅናት» ይላሉ።

ትንሹ ግን መጥቶ ይጋደማል። ስልኩን ይነካካል። ያዛጋል። «እማዬ መቀሱ የት ነው?» ይለኛል። ጥፍሩን ይቆርጣል። አንዳንዴ ስልኩ ላይ ያየውን ያሳየኛል፣ አይገባኝም፣ እስቃለሁ። ተማሪ ሳለ በመጽሐፍ ነበር እንዲሁ የሚጋደመው። ያኔ «አየሽኝ አላየሽኝ» አይልም ነበር። እኔ የምናፍቀው ይሄንን ነው። የሚጠይቀኝን ሰው አይደለም። እቤቴ ውስጥ ምንም የማያደርግ ልጅ ነው የናፈቀኝ።

የበኩር ልጅ፦
እናታችን፣ ምን ልበልዎት? መርማሪው እኔ ነኝ ለካ።

እናት ነኝ፦
መርምር፣ መመርመሩ ይጠቅማል። ከዚያ ተጋደም።

ነፃ ሐሳብ፦
ይሄ ነገር አንድ ያነበብኩትን አስታወሰኝ። በ2014 የወጣ ጥናት ነው፤ ሐርቫርድ ውስጥ የተሠራ። ተማሪዎች ያን ሰሞን ያወሩትን፣ የሚሰሙትን ዘፈን፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ጽፈው እንዲያስቀምጡ ተደረገ። ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ማንበቡ ምን ያህል ያጓጓችኋል ተብለው ሲጠየቁ ዝቅ አድርገው ገመቱ። ቀኑ ሲደርስ ግን ከገመቱት በላይ ጓጉ። ግምቱ ይበልጥ የሚሳሳተው ደግሞ ለተራው ቀን ነው፤ ልዩ ቀንን ያው ልዩ ነው ብለን እንይዘዋለን። የጥፍር መቁረጫዋን ቅዳሜ ማን ይመዘግባል?

አወያይ፦
ከርዕሱ ትንሽ ወጥተናል፤ ግን አልቆጣም። ሩቅ ነኝ፣ አንተ ጠፋህ።

ሩቅ ነኝ፦
አለሁ። የእናታችንን ጽሑፍ ሦስቴ አነበብኩት። እኔ መጋደም አልችልም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። እሱም «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። አንተስ? ደህና» ይባልና ያልቃል። ከዚያ ዝም እንባባላለን። ዝምታው ስለሚያስፈራኝ «በይ ኔትወርኩ ሊቆረጥ ነው» እላለሁ። ኔትወርኩ ደህና ነው።

እናት ነኝ፦
ዝም በላት። ስልኩን ሳትዘጋ ዝም በላት። ዕቃ ስታጥብ ትሰማለህ፤ ምን ችግር አለው? አንተም ዕቃህን እጠብ።

ሩቅ ነኝ፦
እሞክራለሁ። ነርሷ ያለችውንም ይዣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እደውላለሁ።

ነርሷ፦
ቀስ በል፣ ወንድሜ። በየቀኑ አትበል። ሁለት ሳምንት ደውለህ ልትተወው ነው። የማትቀጥለውን አትጀምር።

ሩቅ ነኝ፦
እውነት ነው። የሥራ ሰዓቴ ይቀያየራል። እንግዲያው በወር ሁለቴ።

እናት ነኝ፦
በወር ሁለቴ ጥሩ ነው። የትኞቹን ቀናት?