ሊንከን በመጽሐፍና በፊልም፦ ልዩነቱን እንዴት ታዩታላችሁ?

ጥያቄ፦
ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙትን «ቲም ኦፍ ራይቫልስ» የተሰኘ የአብርሃም ሊንከን ታሪክ አንብቤ ስጨርስ፣ በከፊል በእርሱ ላይ የተመሠረተውንና ስቲቨን ስፒልበርግ በ2012 ያቀረቡትን «ሊንከን» ተመለከትሁ። ሆኖም የመጽሐፉን ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ሊንከን በ1860 ለፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት የተፎካከሯቸውን ሲዋርድን፣ ቼዝንና ቤትስን በካቢኔያቸው ማሰባሰባቸውን፣ በፊልሙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
ትዝብትዎ ትክክል ነው። ፊልሙ በአብዛኛው ያተኮረው በጃንዋሪ 1865 ላይ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ ከገንዘብ ሚኒስትርነት ለቀው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የሆኑት ቼዝ ቢቀሩ አያስደንቅም። በመጽሐፉ ጥቂት ገጽ ብቻ የያዘው፣ ባርነትን የሻረው የ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ክርክር ሙሉ ፊልም መሆኑ፣ በእኔ አስተያየት፣ ጉድለት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው።

መልስ 2፦
ምርጫውን ብቀበልም አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማሻሻያው በተወካዮች ምክር ቤት በ119 ለ56 ድምፅ ሲጸድቅ አራቱም የኮነቲከት ተወካዮች ደግፈውት ሳለ፣ ፊልሙ ሁለቱን «አልደግፍም» ሲሉ ያሳያል። በተጨማሪም ድምፅ የተሰጠው በስም ፊደል ተራ እንጂ ፊልሙ እንደሚያሳየው በክፍለ ግዛት አልነበረም። ልብ ለመስቀል ሲባል የእውነተኛ ክፍለ ግዛትን ስም ማጉደፍ ተገቢ አይመስለኝም።

መልስ 3፦
በአንድ ነገር ግን ፊልሙ ይበልጣል፤ ይኸውም ድምፅ ነው። የዘመኑ ሰዎች የሊንከን ድምፅ ቀጭን እንደነበረ ጽፈዋል፤ ሊንከንን ሆኖ የተወነው ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ቀልድ እየጣለ ሲያወራ ያንን ቅጥነት ሰማሁት፤ ከማንበብ ይህ አይገኝም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የድምፅ አሰጣጡን ትዕይንት እንደገና አየዋለሁ።