ክርክር፦ የለገሃር ጣቢያ ሙዚየም ይሁን?

ጠያቂው፦ የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡር ከቆመ ስንት ዓመት ሆነው፤ የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል። ቃሉ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» መሆኑን ማን ያስታውሳል? በ2011 ዓ.ም. ሰፈሩ 36 ሄክታር ላይ እንደ አዲስ ሊገነባ ነው ሲባል፣ አሮጌው ጣቢያ ቅርስ ስለሆነ ይቆያል ተብሎ ነበር። ይቆይ፣ ግን ምን ሆኖ? እኔ ሙዚየም ይሁን ባይ ነኝ። ወዲህ በሉ።

የድሬ ልጅ፦ ሙዚየሙ ድሬዳዋ ነው መሆን ያለበት። ባቡሩ እኛ ጋ የገባው በ1895 ነው። እናንተ ጋ ለመድረስ እስከ 1909 ፈጅቶበታል። አዲስ አበባ ያለ ባቡርም ከተማ ነበረች፤ ድሬን ግን የወለዳት ባቡሩ ነው። ወርክሾፑ እኛ ጋ፣ ማሽኑ እኛ ጋ፣ ብረት ሲቀጠቅጥ ያረጀው ሰው እኛ ጋ። እናንተ ያላችሁ በ1922 የተመረቀ አንድ ቆንጆ ፎቅ ነው።

ፒያሳ፦ ወይ ድሬ! 784 ኪሎ ሜትር መስመር ሁለት ሙዚየም መሸከም ያቅተዋል? ደግሞ ጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ረሳኸው እንዴ? ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ጎራዴ የመዘዘው እዚያው ነው። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ለገሃር ቆመ። ይኼ ታሪክ ብቻውን አንድ ክፍል ይሞላል።

የተቆጣጣሪው ልጅ፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንበሳው፣ የንጉሡ ፉርጎ፣ በሚያዝያ 1928 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ መውጣታቸው፣ ከዚያ የመግቢያ ትኬት፣ አለቀ። ሠራተኛውስ?

አባቴ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ትኬት የሚበሳባት መቁረጫ ዛሬም ቤታችን አለች። እጀታዋ ላይ ያለው ቀለም አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ልጅ ሆነን የደብተራችንን ጠርዝ በሷ እየበሳን ተገርፈናል። ስንቱ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ አልጋ ሥር ተቀምጧል! ጡረተኞቹ ደግሞ በየዓመቱ እያለቁ ነው። ግድግዳ ከመቀባት በፊት አንድ ሰው መቅጃ ይዞ የየቤታቸውን በር ያንኳኳ። ግድግዳው ይጠብቃል።

ኢንጂነሩ፦ ሐዲዱስ? አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ከፉሪ ለቡ ነው የሚነሳው። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው 1 ሜትር። አሮጌው ባቡር አዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ ለገሃር ያለው ከተነቀለ ተነቀለ፣ መመለሻ የለውም። 500 ሜትር እንኳን ይተውልን። ሕፃናት ጭነን ሄደን እንመለስ። ሐዲድ የሌለው ጣቢያ ምኑ ጣቢያ ነው?

የሰፈሩ ልጅ፦ ማን ይነዳዋል? ማን መለዋወጫ ይገዛል? ፈረንጅ አገር ስላያችሁ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሙዚየሙ በቅንጦት አፓርታማ መሃል ሲቀመጥ ለማን ነው? ጀበና ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቡና ስትሸጥ የኖረችው ሴትዮ ትገባለች? ወይስ ጥበቃው «ማን ጋ ነሽ?» ብሎ ይመልሳታል?

ፒያሳ፦ አሁን ነገር አመጣህ።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ኮንትሮባንድ። ባቡሩ በምን ይኖር ነበር ትላላችሁ? ከድሬ ስንነሳ ቀጭን የነበረች ሴት አዋሽ ላይ ወፍራም ትሆናለች። አምስት ቀሚስ ደርባ ነዋ! ፈታሽ ሲመጣ ጨርቁ ከአንዱ ወንበር ሥር ወደሌላው ይሄዳል። እኛም አይተን አላየንም። ያ ሁሉ ልጅ በዚያ ንግድ ነው የተማረው። ሙዚየማችሁ ውስጥ እሱ ከሌለ እኔን እንዳትጠሩኝ።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት! ይኸው፣ የድሬ ታሪክ ነው ስል!

ኢንጂነሩ፦ ጋሼ፣ የሚመችዎት ቀን ካለ መቅጃ ይዤ ልምጣ? ከምሬ ነው።

ጡረተኛው፦ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ስትመጣ ደውል፣ ጆሮዬ ትንሽ ደክሟል፣ በሩ ሲንኳኳ አልሰማም።

የተቆጣጣሪው ልጅ፦ እኔም ልምጣ ጋሼ። አባቴን ያውቁት ይሆናል። መቁረጫዋንም አሳይዎታለሁ። ሙዚየሙ ሲከፈት ልስጣት ወይስ ትቅር እያልኩ ነው።

የሰፈሩ ልጅ፦ ደረሰኝ ሳትቀበዪ እንዳትሰጪ።