ጆርጅ ስቲር፦ ዘጋቢ ነበር ወይስ ወገንተኛ?

ጠያቂ፦ የማለዳ አንባቢ

ሰሞኑን ስለ ማይጨው ዘመን ሳነብ የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ ልዩ ዘጋቢ የነበረው የጆርጅ ስቲር ስም ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወረራውን ሲጀምር አዲስ አበባ ውስጥ ነበረ፤ ከተማዋ እስክትያዝም አልለቀቀም፤ በመጨረሻ ያስወጡት የጣሊያን ባለሥልጣናት ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ ከጃንሆይ ጋር ካርቱም ላይ አገኘዋለሁ። ግራ የገባኝ ይኸው ነው። የሚዘግብለትን ሕዝብ እስከዚህ የወደደ ሰው የጻፈውን ዜና እንዴት እንመነው? ለመሆኑ በዚያ ዘመን የውጭ አገር ዘጋቢነት ሥራው ራሱ ምን ይመስል ነበር? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ ይከብደኛል።

መላሽ፦ ጡረተኛው አርታኢ

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልነሣ፤ እርሱ ካልተፈታ የመጀመሪያው አይፈታምና።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት መምጣቱ ሲታወቅ አዲስ አበባ በውጭ ጋዜጠኞች ተሞላች፤ ቁጥራቸው ከመቶ አልፎ ነበር። አብዛኞቹ ግን ጦርነቱን በዓይናቸው አላዩም። ወደ ግንባር መሄድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባለ ይጓተታል። ስለዚህ ዘጋቢው ሆቴል ተቀምጦ መንግሥት የሚያወጣውን መግለጫ ይጠብቃል፣ አስተርጓሚውን ያዳምጣል፣ የሰማውንም አሳጥሮ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ይሮጣል። ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር በመሆኑ አገናኝ ቃል ሁሉ ይጣላል፤ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ የተቀመጠው አርታኢ አጽሙን ተቀብሎ ሥጋ ያለብሰዋል። ብዙ ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። እኔም የውጭ ዜና ገጽ በማዘጋጅበት ዘመን ዘጋቢው ያልጻፈውን ቅጽል ከራሴ ጨምሬ የወቀሳ ደብዳቤ የደረሰኝ ጊዜ አለ።

በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል ነዳጅ ዘይትና ማዕድን የማውጣት መብት ለ75 ዓመት ሲሰጠው፣ ዜናውን ቀድመው የላኩት የዴይሊ ቴሌግራፉ ሰር ፐርሲቫል ፊሊፕስና የአሶሼትድ ፕሬሱ ዘጋቢ ናቸው። ለዴይሊ ሜይል የተላከው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ከሪኬት ጋር በአንድ መርከብ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ቀን ሌላ ወሬ ተከትሎ ጅጅጋ ነበርና ዜናው አመለጠው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ተፎካካሪዎቹ እንዳያነቡበት ብሎ አንድ ምሥጢር በላቲን ቋንቋ ቢያስተላልፍ፣ ለንደን ያለው ቢሮ ትርጉም የለሽ ነው ብሎ ጣለበት ይባላል። እኔ እንኳ ለቢሮው ሰዎች አዝናለሁ።

ስቲርን ከእነዚህ የሚለየው በቦታው መቆየቱ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ኦክስፎርድ የተማረ፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ጦርነቱ ሳይጀመር ወደ ኦጋዴን ወርዶ የኢትዮጵያን ምሽጎች ጎበኘ፤ የታኅሣሥ ወር አልፎ ሰበር ዜና ሲጠፋ ብዙ ጋዜጦች ሰዎቻቸውን ሲጠሩ እርሱ ቀረ። ጃንሆይ በሚያዝያ 24 ቀን ተነሥተው ከተማዋ ስትዘረፍና ስትቃጠል ያየውን ለመጻፍ የቻለውም ስለቆየ ነው።

መላሽ፦ ወለተ ጽዮን

የመታመኑ ጉዳይ የሚፈተነው፣ ስቲር ከኢትዮጵያ በኋላ የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ሲዘግብ ባያት በጌርኒካ ከተማ ላይ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ያሉትን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 26 ቀን 1937 ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ፍራንኮ የተባለውን አማፂ ጄኔራል የሚረዱ የጀርመን አውሮፕላኖች ያችን የባስኮች (የሰሜን ስፔን ሕዝብ) ከተማ ከሦስት ሰዓት በላይ ደበደቧት። ስቲር በአቅራቢያዋ ባለችው በቢልባዎ ከተማ ነበር። ወሬው ማታ እንደ ደረሰ እርሱና ሌሎች ጥቂት ዘጋቢዎች በመኪና ወጡ፤ ከተማዋ ስትነድ ደረሱ፤ ከሞት የተረፉትንም አነጋገሩ። ባልደረቦቹ በዚያው ሌሊት ዜናቸውን አስተላለፉ። ስቲር ግን አላስተላለፈም። በማግሥቱ በቀን ብርሃን ተመልሶ ፍርስራሹን ዞረ፣ ምስክሮቹን እንደገና ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ጻፈ። ዘገባው ሚያዝያ 28 ቀን በዘ ታይምስና በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ የአውሮፕላኖቹን ዓይነት፣ የቦምቦቹን ክብደትና ከ3,000 በላይ እንደሚሆኑ የተገመቱትን ተቀጣጣይ ቦምቦች ለይቶ ይናገር ነበር። የጀርመን ምልክትና 1936 የሚል ዓመት የታተመባቸውን የአሉሚኒየም ቀለሃዎችም ማስረጃ አድርጎ አቀረበ።

የፍራንኮ ወገን ከተማዋን ያቃጠሏት ሲሸሹ የነበሩ ባስኮች ራሳቸው ናቸው ብሎ ካደ። ክህደቱ ለዓመታት ተደጋገመ፤ የስቲር ዘገባ ግን ሊፈርስ አልቻለም። በ1997 የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ሮማን ሄርዞግ የአገራቸውን አውሮፕላኖች ተጠያቂነት ለተረፉት ሰዎች በጽሑፍ አመኑ። ለእኔ መልሱ አንድ ቀን በመዘግየቱ ውስጥ አለ፤ ወገኑን ብቻ ለማስደሰት የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን አይዘገይም።

መላሽ፦ ተጠራጣሪው

በእህቴ አስተያየት ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ማጣራት አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚጣራ መምረጥ ሌላ ነው። ስቲር ባስኮችን ይወድ ነበር፤ ፕሬዚዳንታቸው አጊሬ የባስክ ሪፐብሊክ ስም የተቀረጸበት የወርቅ ሰዓት ሸልመውታል። በኢትዮጵያም በኩል ጃንሆይ የልጁ የክርስትና አባት ሆነዋል። በ1940 እ.ኤ.አ. የጦር መኮንን ሆኖ የፕሮፓጋንዳ ክፍል ሲመራ በአማርኛ በራሪ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ያሳትም ነበር፤ በ1941 ደግሞ ከረን ላይ በጣሊያን ሥር የተሰለፉ ወታደሮች እንዲከዱ በድምፅ ማጉያ ይቀሰቀሱ ነበር። ሥራው ለአገራችን ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ዛሬ አንድ ዘጋቢ ከሚዘግብለት መንግሥት መሪ የወርቅ ሰዓት ቢቀበል ጋዜጣው በማግሥቱ ያሰናብተዋል።

ጠያቂ፦ የማለዳ አንባቢ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሰዓቱን ነገር አላውቅም ነበር፤ ጥርጣሬዬንም አጠናክሮታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ እንዲህ ያለ ሕይወት ለራሱ ምን አተረፈለት?

መላሽ፦ ጡረተኛው አርታኢ

ትርፉ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ በምትወድቅበት በዚያ ሰሞን በእንግሊዝ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማት ጽሕፈት ቤት) ግቢ ያገባት ማርጋሪታ ዴ ኤሬሮ ራሷም ለአንድ የፓሪስ ጋዜጣ የምትዘግብ ነበረች። በ1937 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንደን ውስጥ በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ ስቲር ጌርኒካን የዘገበው ይህ ሐዘን በደረሰበት በሦስተኛው ወር ነው። በኋላ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር (የመንግሥቷ መልእክተኛ) የነበሩትን የሰር ሲድኒ ባርተንን ልጅ አገባ። በበርማው ጦርነትም አገለገለና በ1944 በገና ዕለት ቤንጋል ውስጥ በጂፕ አደጋ ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር።

ስለ ሰዓቱ ተጠራጣሪው ያሉት ሕግ ትክክል ነው፤ እኔም አርታኢው ብሆን መልስ እለው ነበር። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ፦ ቀለሃው ፍርስራሹ ውስጥ የተገኘው ሰዓቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ የታተመበትን ምልክት ማንም ሰው አንሥቶ ማንበብ ይችል ነበር። የካርቱሙ ሥራ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሲደርስ ዘጋቢነቱን ትቶ የደንብ ልብስ ለብሷል፤ ከ«ባንዲራችን» ላይ የዘ ታይምስን ዓይነት ሚዛን የሚጠብቅ አንባቢም አልነበረም። እኔን የሚያሳስበኝ የደንብ ልብሱን ሳይለብስ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ነው።