ከሲኒማ ቤት የወጣ ጋራርድ 301 እና ባለ ቫልቭ አምፕሊፋየር፦ ፍጥነቱ ይጎተታል፣ አንዱ ቫልቭ ይቀላል

ቾቄ_ሥር፦
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ ዕቃ ገዝቻለሁ፦ በዕረፍት ሰዓት ዘፈን ይለቀቅበት የነበረ ጋራርድ 301 የሸክላ ማጫወቻ፣ ባለ ቫልቭ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕሊፋየርና ሁለት ባለ ቀንድ ስፒከሮች። አምፕሊፋየሩ ላይ ሁለት ኢኤል34 (ስፒከሩን የሚነዱት ትልልቅ ቫልቮች)፣ ሁለት ኢሲሲ83 (ድምፁን ቀድመው የሚያጎሉ ትንንሽ ቫልቮች) እና አንድ ጂዜድ34 (መብራቱን ወደ ዲሲ የሚቀይር ቫልቭ) ተሰክተዋል። ሐሳቤ ጠግኖ መሸጥ ነው።

ማጫወቻው ይጎተታል፤ የሴት ድምፅ እንኳ ጎርናና ሆኗል። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ስቆጥር 33 ላይ በደቂቃ 28 ዙር፣ 45 ላይ 37 ተኩል ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢሠራም ያው ነው። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮት መጥቷል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ እምምም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ የአንደኛው ኢኤል34 ሆድ ፍም ይመስላል። ወዲያው አጠፋሁት። ደግሞስ «የቲያትር ዕቃ ወርቅ ያወጣል» የሚባለው እውነት ነው?

ግዮን_ማዶ፦
ቆጠራህ መልሱን ይዟል። 33⅓ን ለ60 አካፍለህ በ50 ብታባዛው 27.8 ነው፤ 45ም 37.5 ይሆናል። ሞተሩ ላይ ያለችው ፑሌጃ (ሳህኑን በጎማ አማካይነት የምታዞረው ትንሽ መዘውር) ለ60 ሄርዝ አገር የተሠራች ናት ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይለውጥም፣ የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው። ግራሶ ደርቆ ቢሆን ኖሮ እየሞቀ ሲሄድ ይፈጥን ነበር። የፍጥነት ማስተካከያው ቁልፍ የሚገፋው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ 17 በመቶ አይሸፍንልህም፤ በእሱ አትድከም።

ትክክለኛው መፍትሔ የ50 ሄርዝ ፑሌጃ ማስመጣት ነው። ቶርኖ ቤት ካስቀረጽክ የእያንዳንዱን የፍጥነት ደረጃ ዲያሜትር በ1.2 አባዛው፤ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው 12 ይሆናል። ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ ጉርምርምታው በስፒከር ይሰማል፣ ስለዚህ ቶርኖ ሠሪው ቀዳዳውንና ውጭውን ዕቃውን ሳይፈታ በአንድ እስር ይጨርሰው። አሮጌዋን ፑሌጃ እንዳትጥላት፣ ገዢ ይጠይቅሃል።

ገመዱን ነቅለህ የሞተሩን የቮልት ማገናኛ ወደ 220 ካዞርከው ያ ትራንስፎርመር አያስፈልግህም። በፑሌጃውና በሳህኑ መሃል ያለችውን ጎማ በአልኮል ጥረጋት፤ ቤንዚን ያሳብጣታል። ገጿ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ በየዙሩ ዱብ ዱብ ይላል፣ ያኔ መለወጥ ብቻ ነው። የሳህኑ ዘንግ ማረፊያ ጎን የሚጠመዘዝ የግራሶ ቆብ ካለው ግራሶ ነው የሚበላው፣ ከሌለው ቀጭን የማሽን ዘይት። አትቀላቅላቸው። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይም ቅባት አይደለም።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ ዙሪያውን መስመር ያለው ክብ ወረቀት አትምና ሳህኑ ላይ አስቀምጥ፦ ለ33 180፣ ለ45 133፣ ለ78 77 መስመር። በ50 ሄርዝ አምፖል ሥር መስመሮቹ ቆመው ከታዩ ፍጥነቱ ልክ ነው። ብዙዎቹ ኤልኢዲዎች ስለማይርገበገቡ በእነሱ አታየውም።

ካውያ፦
ልጄ፣ አምፕሊፋየሩን ከእንግዲህ በቀጥታ እንዳትሰካው። ባለ 100 ዋት የድሮ ክር አምፖል በመስመሩ ላይ በተከታታይ አስገባ፤ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። ከመንካትህ በፊትም ነቅለህ ካፓሲተሮቹን በ10 ኪሎ ኦም ባለ 5 ዋት ረዚስተር አራግፍና በቴስተር ከ10 ቮልት በታች መውረዱን እይ። እዚያ ውስጥ ያለው ከ400 ቮልት አያንስም፣ ይገድላል።

መጀመሪያ ሁለቱን ኢኤል34 አቀያይራቸው። ቅላቱ ቫልቩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፤ በዚያው ሶኬት ከቀረ የሰርኪዩቱ። ከዚያ የሚቀላውን ቫልቭ አውጥተህ የሶኬቱን 5ኛ እግር ከሻሲው (ከብረት አካሉ) ጋር ለካ። ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ከሆነ ከኢሲሲ83 የሚመጣው የወረቀት ካፓሲተር ያሾልካል ማለት ነው። ሁለቱንም በ0.1 ማይክሮፋራድ 630 ቮልት የፕላስቲክ ካፓሲተር ለውጣቸው።

እምምም የሚለው 100 ሄርዝ ከሆነ የኃይል ማጣሪያው ካፓሲተር ደርቋል። ትልቅ ይሻላል ብለህ 220 ማይክሮፋራድ እንዳትከት፣ ጂዜድ34 የሚችለው ቢበዛ 60 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሲነሣ ይበሳል። 50 ማይክሮፋራድ 500 ቮልት በቂ ነው። የማጫወቻውን ክንድ ስትነካ የሚለወጥ ጉምጉምታ ግን የመሬት ሽቦ ጉዳይ ነው።

ቾቄ_ሥር፦
ጋሽ ካውያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅላቱ በዚያው ሶኬት ቀረ፤ 5ኛ እግሩ ላይ +11 ቮልት አለ። የስፒከር መውጫው «100 ቮልት» ይላል። ቤት ያለኝን 8 ኦም ስፒከር ባገናኝ ምን ችግር አለው?

ካውያ፦
+11 ካገኘህ ነገሩ አለቀ፣ ካፓሲተሩ ነው። ስፒከሩን ግን በፍጹም። ያ መውጫ ለአዳራሽ ሽቦ የተሠራ ነው፤ ለ35 ዋት የሚፈልገው ወደ 285 ኦም ነው፣ 8 ኦም ለእሱ ሾርት ማለት ነው። ባዶውንም ድምፅ አትልቀቅበት፣ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ለውስጥ ይበሳና አዲስ የሚጠመጥምልህ ሰው ፍለጋ ትባዝናለህ። ከቀንዶቹ ኋላ የየራሳቸው ትንሽ ትራንስፎርመር ካለ በእነሱ ፈትን። ከሌለ 300 ኦም ባለ 50 ዋት ረዚስተር ጭነህ ለካ።

ሸክላ_ለቃሚ፦
ስለ ዋጋው፦ በዓለም ገበያ ስሙ የሚጠራው የቲያትር ዕቃ የአሜሪካው ኩባንያ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ነው። በ1926 (እ.ኤ.አ.) የቪታፎን (ድምፃቸው በሸክላ የሚለቀቅ) ፊልሞች ድምፅ በ16 ኢንች ሸክላ፣ በ33⅓ ዙር፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲጫወት የነበረው በዚያ መሣሪያ ነው። የአንተ ሌላ ዘመን ነው። ሆኖም 301ዱ ብቻውን ፈላጊ አያጣም፣ ከአምፕሊፋየሩ ለይተህ ሽጠው። ቀለም አትቀባው፣ አትወልውለው፤ የተላጠው ቀለም ዋጋ አይቀንስም፣ አዲስ ቀለም ግን ይቀንሳል። የሞተሩን፣ የጎማዋንና የስም ሰሌዳውን ፎቶ አንሣ፣ መስመሮቹ ቆመው የሚታዩበትንም ቪዲዮ ጨምር።

ሲኒማ ቤቱ የማዘጋጃ ቤት ከነበረ የማስወገጃ ደረሰኝ ያዝ፤ ያለ እሱ ጠንቃቃ ገዢ አይነካውም። ወደ ውጭ ለመላክ ካሰብክ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቅ።

ሲታሸግ ሳህኑ ለብቻው፣ ሞተሩ ስፕሪንጎቹ ላይ እንዳይወዛወዝ ታስሮ፣ ቫልቮቹ ተነቅለው በየሶኬታቸው ቁጥር ተጽፎባቸው። የፍጥነት መቀየሪያው «ጠፍቷል» ላይ ይሁን፤ ጎማዋ ፑሌጃው ላይ ተጫና ከከረመች ትጎደጉዳለች።